ኤክስፖርት ከመጫናችሁ በፊት፦ ፎቶው ወዴት ነው የሚሄደው?

አንድ ቀን የሙሽራው ታናሽ ወንድም ደሴ ፒያሳ አካባቢ ወደምሠራባት ጠባብ ክፍል ስልኩን እንደያዘ ገባ። «ይቺን 50 በ70 አሳጥበህ ፍሬም አስገባልኝ፤ ለእማዬ ነው» አለኝ። ፎቶው የራሴ ሥራ ነው። ሙሽሮቹ ጦሳ ተራራ ላይ ጉሙ ገና ሳይገፈፍ ቆመው ያነሳኋቸው። ወደ ኮምፒውተሬ አስገብቼ መጠኑን አየሁት። ቁመቱ 1280 ፒክስል፤ ፒክስል ማለት ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች ናቸው። ከቴሌግራም የወረደ ነው።

70 ሳንቲሜትር 27 ኢንች ተኩል ገደማ ነው። 1280ን ለዚያ ስታካፍሉት በአንድ ኢንች 46 ፒክስል ይደርሳል። ለግድግዳ ፎቶ ግን ቢያንስ 150፣ ከተቻለ 200 ያስፈልጋል። እንዳለ ቢታጠብ የሙሽራዋ ዓይን ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነው የሚወጣው። ጥፋቱ ደግሞ የልጁ አይደለም። በቴሌግራም የላኩትም፣ ዋናውን ሃርድ ዲስክ ላይ ትቼ «ፎቶው ደርሷችኋል» ያልኩትም እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ኤክስፖርት (ያስተካከልኩትን ፎቶ አዲስ ፋይል አድርጎ ማውጫውን) ከመጫኔ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ይሄ ፎቶ ወዴት ነው የሚሄደው? ስልክ ላይ ነው? ወረቀት ላይ? ባነር ላይ? መልሱ ሲታወቅ ሌላው ሁሉ ራሱ ይመጣል። እኔ የምሠራው ላይትሩም እና ፎቶሾፕ በሚባሉት የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞች ስለሆነ ምሳሌዎቼ ከእነሱ ናቸው። ስልክ ላይ ለምትሠሩም ወረድ ብዬ አንድ ሁለት ነገር እላለሁ።

ዋናውን አትንኩ

ዋናው ፋይል ሊጥ ነው፤ ኤክስፖርት የተደረገው እንጀራ። ከአንድ ሊጥ ትልቅም ትንሽም መጋገር ይቻላል። እንጀራውን መልሶ ሊጥ ማድረግ ግን አይቻልም።

ላይትሩም በዚህ በኩል ይረዳችኋል። የነካካችሁትን ቀለምና ብርሃን እንደ ትእዛዝ ለብቻው ይይዛል እንጂ ካሜራው ያነሳውን ፋይል አይቀይርም። ፎቶሾፕ ላይ ግን ጥንቃቄው የእናንተ ነው። መጀመሪያ ሥራውን ከነሌየሩ (ከተደራረቡት የሥራ ንብርብሮች ጋር) በፎቶሾፕ የራሱ ፋይል ሴቭ አድርጉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ጄፔግ፣ ማለትም የተለመደውን የፎቶ ፋይል፣ የምታወጡት። ኤክስፖርት የሆነውን ጄፔግ ከፍታችሁ እንደገና አታስተካክሉ። ጄፔግ ተስተካክሎ ሴቭ በተደረገ ቁጥር ከምስሉ ትንሽ ትንሽ ይጥላል። አንዴ ሁለቴ ላይታይ ይችላል። አምስተኛው ላይ ፊት ላይ ቆሻሻ ያለ ይመስላል።

መስኮቱን ከላይ ወደ ታች

ላይትሩም ክላሲክ ላይ ፎቶዎቹን መርጣችሁ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢ ስትጫኑ ረጅም መስኮት ይከፈታል። አያስደንግጣችሁ። ግማሹን አንዴ ካስተካከላችሁት ተመልሳችሁ አትነኩትም።

የመጀመሪያው ፋይሉ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። በቀጥታ ፍላሽ ላይ አታውጡ። 400 ፎቶ እየወጣ መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ወይ ፍላሹ ቢነቃነቅ፣ ግማሹ ፎቶ ከታች ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ኮምፒውተሩ ላይ አውጡ፤ ሲያልቅ ትገለብጣላችሁ።

ስም ስትሰጡ በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ ይሁን። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል እናንተ ጋ በደንብ ቢከፈትም፣ ሌላ ቦታ ስሙ የጥያቄ ምልክት ድርድር ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ያኔ «ፎቶ ቁጥር 112ን ድገሙልን» ሲሏችሁ የቱ እንደሆነ ፈልጉት።

ፎርማት ላይ ከአሥር ዘጠኙ ጊዜ ጄፔግ ነው። ፒኤንጂ ለሎጎና ጀርባው ባዶ መሆን ላለበት ምስል ነው፤ ለሠርግ ፎቶ ከተጠቀማችሁበት ፋይሉን ያለ ጥቅም ታገዝፉታላችሁ። ቲፍ ደግሞ ሌላ ሰው እንዲቀጥልበት የምትልኩት ሥራ ሲኖር ነው። ለደንበኛ ቲፍ አትስጡ፤ ስልኩ አልከፍትም ሲለው የሚደውለው ለእናንተ ነው።

የቀለም ቦታ (ፋይሉ ቀለሙን የሚለካበት ሚዛን) የሚለው ላይ ትንሽ ቆም እንበል። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ጋ ነው። ሥራ ስጀምር አንድ አልበም አዲስ አበባ ወዳለ ማተሚያ ላክሁ። ምርጫው ላይ ኤስ አር ጂ ቢ፣ አዶቤ አር ጂ ቢ እና ፕሮፎቶ ተደርድረው አየሁ። አዶቤ ሰፊ ቀለም ይይዛል ሲባል ሰምቻለሁ። ሰፊ ከሆነ ይሻላል ብዬ እሱን መረጥኩ። አልበሙ ሲመጣ የሙሽራዋ ጥለት ቀዩ ደብዝዟል፤ የሰዉ ፊት አመድ የተነሰነሰበት መስሏል። ያሳተመው ማሽን ፋይሉን እንደ ኤስ አር ጂ ቢ ነበር ያነበበው። ሰፊውን ቀለም በጠባቡ ሚዛን ሲመዝነው ደመቅ ያለው ሁሉ ፈዘዘ። ሁለተኛውን አልበም ያሳተምኩት ከኪሴ ነው።

ስለዚህ ማተሚያ ቤቱ ራሱ ሌላ ካልጠየቃችሁ በቀር ሁሌም ኤስ አር ጂ ቢ። ስልኩም፣ ፌስቡኩም፣ አብዛኛው ፎቶ አጣቢ ማሽንም የሚጠብቀው እሱን ነው። ከላይትሩም ወደ ፎቶሾፕ የምታሻግሩ ደግሞ ፎቶሾፕ ላይ ስታወጡ ወደ ኤስ አር ጂ ቢ መቀየሩን አረጋግጡ። ሥራው ብዙ ጊዜ በፕሮፎቶ ስለሚሻገር ነው።

ጉሙና ጥለቱ

ጥራት የሚለው ከ0 እስከ 100 ይሄዳል። ሰው ሁሉ 100 ላይ ሰቅሎ ይተወዋል። በእኔ ፋይሎች ላይ ከ100 ወደ 85 ስወርድ ክብደቱ ከግማሽ በታች ይሆናል፤ ልዩነቱን በዓይን ለመለየት ግን አፍንጫን ስክሪን ላይ መለጠፍ ይጠይቃል። ለስልክ 80፣ ለወረቀት ከ90 በላይ አድርጉት።

አንድ ነገር ግን እዚህ አገር ለምናነሳ ሰዎች ይለያል። ጉም። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ትንንሽ ሳጥኖች ከፋፍሎ ነው የሚያጭቀው። ቅጠል፣ ድንጋይ፣ ፀጉር ላይ ቢያጭቅ አይታይም፤ ዝርዝሩ ይሸፍነዋል። ከጦሳ የሚወርደው ጉም ግን ከነጭ ወደ ግራጫ ቀስ እያለ የሚሄድ ለስላሳ ነገር ነው። ጥራቱን 60 አድርጋችሁ ብታወጡት ያ ልስላሴ ደረጃ ደረጃ ይሠራል፤ እርከን የተሠራለት ማሳ ይመስላል። ጉም ያለበትን ፎቶ ለስልክም ቢሆን ከ85 አታውርዱት። እኔ ከማውጣቴ በፊት በጣም ትንሽ ግሬይን (ጥቃቅን ነጠብጣብ) እጨምርበታለሁ። ያቺ ጥቂት ሻካራነት እርከኑን ትሰብረዋለች።

የአገር ልብስ ጥለት ደግሞ በተቃራኒው ያስቸግራል። ቀጫጭን ክር፣ ተደጋጋሚ ቅርጽ። 6000 ፒክስሉን ወደ 1080 ስታወርዱት ክሮቹ ይጨናነቃሉ። በዚያ ላይ ሻርፕኒንጉን (ጠርዙን ማጥሪያውን) ከፍተኛው ላይ ካደረጋችሁ ጥለቱ የሚርገበገብ የሽቦ ወንፊት ይመስላል። መስኮቱ ላይ የውጤት ሻርፕኒንግ የሚለው ጋ ለስልክ ሲሆን «ስክሪን» ምረጡ፤ መጠኑን ደግሞ ዝቅተኛው ላይ። ለወረቀት ሲሆን ማት (የማያንጸባርቅ) ነው ወይስ ግሎሲ (የሚያንጸባርቅ) ብላችሁ አጣቢውን ጠይቁና ያንኑ ምረጡ። ማት ወረቀት ቀለም ስለሚመጥ ትንሽ ጠንከር ያለ ይፈልጋል።

ሜታዳታ (ፎቶው ውስጥ ተደብቆ የሚሄደው መረጃ) ላይ አንድ ሳጥን ብቻ አስታውሱ፦ የቦታ መረጃን አጥፋ የሚለውን። በስልክ የተነሳ ፎቶ ብዙ ጊዜ የተነሳበትን ቤት አድራሻ ውስጡ ይዞ ይዞራል። የደንበኛን ልጅ የክርስትና ፎቶ አንስታችሁ የቤቱን መገኛ ለማያውቁት ሰው አትላኩ።

ለቴሌግራምና ለፌስቡክ

እዚህ የምትሰጡት መጠን በረጅሙ ጎን ነው። መስኮቱ ላይ ሎንግ ኤጅ የሚለውን ምረጡ። የቆመውም የተጋደመውም ፎቶ በአንድ ቁጥር ይስተካከላል።

ለፌስቡክ 2048 ፒክስል። ለኢንስታግራም የቆመ ፎቶ ወርዱ 1080፣ ቁመቱ 1350 ነው፤ ይሄ 4 ለ5 ስለሆነ መጀመሪያ ክሮፕ አድርጉት (በዚያ ቅርጽ ቁረጡት)፤ ካልሆነ መተግበሪያው ራሱ የሚዜውን ጭንቅላት ይቆርጥላችኋል። ለስቶሪና ለቲክቶክ 1080 በ1920፤ ከላይና ከታች ስምና ቁልፍ ስለሚወጣ ፊትና ጽሑፍ መሃል ላይ ይሁን። ትልቅ ፋይል ብትጭኑ መተግበሪያው ራሱ ያሳንሰዋል። እናንተ ብታሳንሱት ግን እንዴት እንደሚያንስ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። በዚያ ላይ የኢንተርኔት ጥቅላችሁም ይተርፋል።

ቴሌግራም ሁለት መንገድ አለው። እንደ ፎቶ ስትልኩ ያጭቀዋል፤ ረጅሙ ጎን ብዙውን ጊዜ ወደ 1280 ይወርዳል። እንደ ፋይል ስትልኩ ምንም አይነካውም። ለማየት ከሆነ እንደ ፎቶ ላኩ። ለማሳጠብ ከሆነ እንደ ፋይል። ለደንበኛው ይህን ልዩነት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉለት፤ እኔ አሁን ከላይ «ይህ ለማየት ብቻ ነው፤ ለማሳጠብ ፍላሹን ተጠቀሙ» ብዬ ነው የምልከው።

ለማሳጠብ

300 የሚባለውን ነገር፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ፒክስልን፣ መጀመሪያ እናጥራ። ብዙ ሰው ፎቶሾፕ ላይ 72 የሚለውን 300 ብሎ ሲቀይር ፎቶው ጥራት የጨመረ ይመስለዋል። አልጨመረም። ያ ቁጥር ፒክስሎቹ ወረቀት ላይ ምን ያህል ተጠጋግተው ይቀመጡ የሚል መመሪያ ብቻ ነው። 1280 ፒክስል 300 ተባለም 72 ያው 1280 ነው። በ300 ስታሳጥቡት 11 ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ማየት ያለባችሁ ጠቅላላ ፒክስሉን ነው።

በ300 ሂሳብ 10 በ15 ሳንቲሜትር ወደ 1181 በ1772 ፒክስል ይፈልጋል። 20 በ30 ደግሞ 2362 በ3543። 30 በ40 ሲሆን 3543 በ4724። 24 ሜጋፒክስል ካሜራ 6000 በ4000 ስለሚሰጥ እስከዚህ ድረስ ጭንቀት የለም። ከዚያ በላይ ሲሄድ ሰው ራቅ ብሎ ስለሚያየው 200ም ይበቃል። መስኮቱ ላይ «አታሳድግ» የምትለውን ሳጥን ምልክት አድርጉባት፤ የሌለ ፒክስል እንዳይፈጥርላችሁ።

ዋናው ችግር ግን መጠኑ ሳይሆን ቅርጹ ነው። አብዛኛው ካሜራ 3 ለ2 ነው የሚያነሳው። 10 በ15 እና 20 በ30 ከዚህ ጋር ልክ ናቸው። 20 በ25 ስትሉ ግን ከረጅሙ ጎን ከስድስት አንዱ ይቆረጣል። 30 በ40 ላይ ከዘጠኝ አንዱ። ስልክ ደግሞ ብዙ ጊዜ 4 ለ3 ስለሆነ 30 በ40 ልክ ይሆንለታል፤ 10 በ15 ላይ ይቆረጣል። ይህን ቁርጥ እናንተ ካልቆረጣችሁት ማሽኑ ይቆርጠዋል። ማሽን ደግሞ የሙሽራው አያት ጥግ ላይ ተቀምጠዋል ብሎ አይራራም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ መጠን ላይትሩም ውስጥ ቨርቹዋል ኮፒ (ፋይሉን ሳያባዛ ለብቻው የሚስተካከል ቅጂ) ፍጠሩ፤ በዚያ ቅርጽ ክሮፕ አድርጉ፤ ከዚያ አውጡ። ጠርዝ ላይም ትንሽ ትርፍ ተዉ። ነጭ ክፈፍ የሌለው እጥበት ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ይበላል። አልበም ከሆነ የገጹ እጥፋት ላይ የሰው ፊት አይዋል።

ሌላው ጨለማ ነው። ስክሪን ራሱ ያበራል፤ ወረቀት አያበራም። ማታ ክፍሉን አጨልማችሁ፣ ስክሪኑን እስከ ጥግ አብርታችሁ ከሠራችሁ ወረቀቱ ሲመጣ ሁሉም ሰው ምሽት ላይ የተነሳ ይመስላል። የስክሪኑን ብርሃን ወደ ግማሽ አውርዱና ሥሩ። ትልቁን ከማሳጠባችሁ በፊት አንዷን 10 በ15 አሳጥቡና በመስኮት ብርሃን እዩዋት። ትልቁን ከመድገም ትረክሳለች።

ያን የእናትየውን ፎቶ ዋናውን አውጥቼ ሠራሁት። ቁመቱ 6000፣ ወርዱ 4000። 50 በ70 የሚሆነው 5 ለ7 ሲቆረጥ ነው፤ ከቁመቱ 400 ፒክስል መሄድ አለበት። ከእግራቸው በኩል ብቆርጥ የቀሚሷ ጥለት ሊሄድ ነው። ከላይ ከጉሙ ቆረጥኩ። በኢንች 203 ፒክስል ደረሰ። ሸጋ ሆኖ ወጣ።

ለባነር

የምርቃትና የሱቅ ባነር በ300 አይሠራም። 3 ሜትር በ2 ሜትር በ72 እንኳ 8504 በ5669 ፒክስል ነው። ፎቶው ብቻ ከሆነ ከ24 ሜጋፒክስል የወጣው 6000 በቂ ነው፤ በኢንች 50 ገደማ ይደርሳል፤ ባነር ደግሞ ከመንገድ ማዶ ነው የሚታየው። በግድ አትለጥጡት።

ጽሑፍ ካለበት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የአማርኛው ፎንት አታሚው ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ፊደሉ ሳጥን ሆኖ ወይ በሌላ ፎንት ተቀይሮ ይወጣል። ከመላካችሁ በፊት ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይሩት። አጠገቡም የባነሩን ሙሉ መልክ በጄፔግ አድርጋችሁ «እንዲህ መምሰል አለበት» ብላችሁ ላኩ። እኔ አንዴ ይህን ረስቼ ኮምቦልቻ ለነበረ የሱቅ ምርቃት የተሳሳተ ባነር ይዤ ወርጃለሁ። በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ያለውን የሀረጎን ዳገት ደግሜ ስወጣና ስወርድ ሙሉ ቀኑ አለቀ። ሲ ኤም ዋይ ኬ ወደሚባለው የማተሚያ ቀለም አሠራር አታሚው ካልጠየቃችሁ ራሳችሁ አትቀይሩ፤ የእሱ ማሽን የሚስማማውን እሱ ያውቃል። ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ ጽሑፍ እንዳይበላ ከዳር ዳር አሥር ሳንቲሜትር ያህል ባዶ ተዉ።

ጉርድና ዲቪ

ጉርድ ፎቶ 3 በ4 በ300 ሂሳብ 354 በ472 ፒክስል ነው። አንድ 10 በ15 ወረቀት ላይ ዘጠኝ ይገባል።

ዲቪ ግን መለኪያው ጥብቅ ነው። እስካሁን በወጡት መመሪያዎች ምስሉ ካሬ ሆኖ 600 በ600 ፒክስል፣ ጄፔግ፣ ክብደቱ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ መሆን አለበት። ጭንቅላቱ ከአገጭ እስከ አናት የምስሉን ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ ይይዛል። መነጽር አይፈቀድም። ዲቪ ሲከፈት የዚያን ዓመት መመሪያ ራሱ ላይ አንብቡ።

አወጣጡ ቀላል ነው። ክሮፑን 1 ለ1 አድርጉ። መጠኑ ላይ ወርድና ቁመት ምረጡና ሁለቱንም 600 ጻፉ። ጥራት 80። ከ240 ከበለጠ «የፋይሉን ክብደት ገድብ» የሚለውን ከፍታችሁ 240 በሉት። የማየው ትልቁ ስህተት 3 በ4 ጉርዱን ጎትቶ ካሬ ማድረግ ነው። ሰውየው ጉንጩ ያበጠ ይመስላል። ጎትቱ አላልኩም፤ ቁረጡ ነው ያልኩት። ጠባሳና ምልክትም አታጥፉ፤ ይሄ የሠርግ ፎቶ አይደለም።

ስልክ ላይ ለምትሠሩ

ስናፕሲድ የሚባለው የስልክ ፎቶ ማስተካከያ ላይ ቅንብሩን አንዴ ክፈቱ። የምስል መጠን የሚለው «አታሳንስ» ላይ መሆኑን እዩ፤ ጥራቱንም 95 ወይም 100 አድርጉ። ስታስቀምጡ በኮፒ መቀመጡን እዩ፤ ዋናው እንዳይጠፋ። ለፌስቡክ ሲሆን ብቻ መጠኑን 2000 አድርጋችሁ አውጡና መልሱት። መመለሱን አትርሱ። እኔ ረስቼ የወር ሥራዬን በትንሹ አስቀምጫለሁ።

ፍላሹን ከመስጠታችሁ በፊት

ለእያንዳንዱ አገልግሎት ያስተካከላችሁትን የላይትሩም ኤክስፖርት መስኮት ላይ በግራ በኩል ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ምርጫ) አድርጋችሁ አስቀምጡ። እኔ ጋ አራት አሉ፦ «ስልክ»፣ «እጥበት»፣ «ዲቪ»፣ «ባነር»። ከዚያ በኋላ ምርጫው አንድ ክሊክ ነው።

ፍላሹ ላይ ሁለት ፎልደር ፍጠሩ፤ አንዱ ለስልክ፣ አንዱ ለማሳጠብ። ሁሉንም አንድ ትልቅ ዚፕ አድርጋችሁ ስትገለብጡ «አይበቃም» ካላችሁና ፍላሹ ባዶ ከሆነ አትገረሙ። ብዙ ፍላሽ ፋት 32 በሚባለው አሠራር ስለሚሠራ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ዚፑን ፍቱት፤ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ይቀበላችኋል።

ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ፍላሹን በደንብ አስወጡት፤ ነቅላችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት። ከመጀመሪያው፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው ሦስት አራት ፎቶ ክፈቱ፤ መቶ በመቶ አጉልታችሁ ዓይናቸውን እዩ። ከተከፈተ ለደንበኛው ደውሉ።